ጋሻው በጀልባው ላይ የተገዘተበት ቀን

ጋሻው ለንደን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈውም በቶተንሃም መስመር ነው። እኔም ከዚያው ጋራዥ አውቶቡስ ይዤ ስለምወጣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። በአንድ ቃል ግለጸው ብባል "ታዛዥ" እላለሁ። ኮንትሮለሩ ቁም ሲለው ይቆማል፣ ሂድ ሲለው ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሮማንወርቅ አለች። የካውንስሉን፣ ማለት የወረዳ አስተዳደሩን፣ ፎርም የምትሞላ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት አፕላይ ያደረገች፣ የቤቱ ማሞቂያ ቦይለር ሲበላሽ ደውላ የምትጨቃጨቅ እሷ ናት። እሱ ምንም ቢጠየቅ "እሷን አነጋግሯት" ይላል። ይህን ሲል ቅር ብሎት አያውቅም። እኔ ግን በእሱ ፈንታ ቅር ይለኝ ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ የሸራ ጀልባ መንዳት እማራለሁ ብሎ የተነሣው። የተወለደው መንዝ ነው፤ ዋና የሚያውቀውም ለስሙ ያህል ነው። ከሰፈራችን ከሰቨን ሲስተርስ ብዙም በማይርቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፎ ሁለት በጋ ተማረ። ጋራዥ ውስጥ ያልሳቀበት የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ "ደረጄ፣ አውቶቡስ ላይ ራሴ ፈልጌ የታጠፍኩበት ቀን ኖሮ ያውቃል?" አለኝ። እኔም ታጥፌ አላውቅም።

ቀጥሎ አንዲት አሮጌ ጀልባ ገዛ። ሮማንወርቅን አላማከራትም። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ሳያማክራት ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችውም፤ በስምንተኛው ቀን ፍርዷን ሰጠች። የዓመት እረፍቱን ሲወጣ አንድ ሳምንት አብራው ጀልባዋ ላይ ትሰነብታለች። "ቅዳሜ ቤታችን ስንገባ ትሸጣለህ ካልኩህ ትሸጣለህ። አንዲት ቃል መልስ አልፈልግም" አለችው። እሱም እሺ አለ፤ ልማዱ ነው። ግን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ጀልባዋን ካጣ ሌላ የሚፈልገው ነገር እንደሌለ እኔም ገብቶኝ ነበር።

እረፍቱ ፍልሰታ ላይ ዋለ፤ መርሐ ግብሩን የሚያወጡት እንግሊዞች ስለ ጾማችን ምን ያውቃሉ? ሮማንወርቅ "ጾም ባሕር ላይም ጾም ነው" ብላ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የምስር ሳምቡሳ ቋጥራ ተነሣች። የሄዱት ኢሴክስ ነው፤ ኖርዚ፣ ኦሲና መርሲ የሚባሉ ደሴቶች ያሉበት የባሕር ዳርቻ። ካሁን በኋላ የምነግራችሁን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። የማይገናኝ ነገር ስላላገኘሁበት አምኜዋለሁ።

አገሩ ለጥ ያለ ነው፣ ተራራ የሚባል የለውም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ቦዩ ሁሉ ጭቃ ይሆናል፤ ሰዓቱን ያላወቀ ጀልባ ጭቃው ላይ ተቀምጦ እስከሚቀጥለው ሙላት ይጠብቃል። ጋሻው የውሃውን ሰዓት እንደ አውቶቡስ ሰሌዳ በቃሉ ይዞታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሲያወራኝ ፊቱ ይበራ ነበር። "ገመዱን ያዢ"፣ "ጎንበስ በይ"፣ "አሁን ልቀቂው" ይላታል፤ እሷም ያለ ወትሮዋ ትታዘዛለች። ጠዋት ጠዋት ከፊት ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች፤ ወፎቹንም ወደደቻቸው። አንድ ነገር ብቻ አልተፈቀደላትም። መሪውን፣ ማለት ያንን ከኋላ ያለውን ረጅም እንጨት፣ ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ "አንቺ ተዝናኚ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው" ይላታል። ይህን የነገረኝ እየኮራ ነው። ሹመት ያዳብር ከማለት በቀር ምን እለዋለሁ?

አራተኛው ቀን ማክሰኞ፣ ነሐሴ ዐሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። በመርሲ ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ መልሕቅ ጥለው አድረዋል። ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ብርቱ ንፋስ እንደሚመጣ ትንበያው ተናግሯል። እነሱ ያሉበት ቦታ ደግሞ ለምሥራቅ ንፋስ ደረቱን የሰጠ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው ሌሎች ጀልባዎች ወደሚጠለሉበት ቦይ መግባት፤ ግን ቦዩ ሳይጎድል፣ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ። ለመነሣት ሲሰናዱ ጋሻው ትንሿን የጎማ ጀልባ ከኋላ እንድታስራት ለሮማንወርቅ ነገራት። ወደ የብስ የምታደርሳቸው ያቺ ጎማ ናት። ሮማንወርቅ ስንቅ እንደምትቋጥር አድርጋ ቋጠረቻት። ቋጠሮው እዚያው ተፈታና ጎማዋ ሄደች።

ውሃው መጉደል ጀምሮ ስለነበር ወደ ውጭ ይጎትታል። ጋሻው ጎማዋ ዐሥር እርምጃ ስትርቅ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ላይፍ ጃኬቱን፣ ያንን የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ አላደረገም። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ደም ብዛት አለበት፣ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ግን እዘላለሁ አለ። ያን ጊዜ ሮማንወርቅ ጮኸች።

"ጋሻው! ሚካኤል ይዞሃል! ዛሬ በዓሉ ነው፣ ከተቀመጥክበት ንቅንቅ ብትል ይፍረድብህ!"

አንድ ጫማ እንዳወለቀ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጎማዋ ከአባታችን ሆይ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቁልቁል ወርዳ ከዓይናቸው ጠፋች።

ሮማንወርቅ "በል ተነሥ፣ እንሂድ" አለችው።

"አልነሣም።"

"ምን ሆነሃል?"

"ንቅንቅ እንዳትል ብለሽኛል።"

"ውሃ ውስጥ እንዳትገባ ነው እንጂ! በቃ፣ ፈትቼሃለሁ።"

"ካህን ነሽ? ግዝት የሚፈታው ካህን ነው።"

"ካህን ካልሆንኩ ታዲያ እንዴት አሰርኩህ?"

"ያሰርሽኝ አንቺ አይደለሽም። ሚካኤል ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ አጎቱ በድንበር ጠብ ጊዜ ግዝት ጥሶ ሲያርስ በዚያው ክረምት መብረቅ እንደመታው ሲሰማ ነው ያደገው። እኔ መብረቅ ክረምት ላይ የሚመታው ብዙ ሰው እንዳለ ነግሬው ነበር፤ አልተቀበለኝም።

ሮማንወርቅ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ኪዳነማርያም ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። ፍልሰታ ነዋ፤ ለንደን፣ ዊልስደን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ቅዳሴው የሚያልቀው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ንፋሱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው።

"እኔ ውሃውን የፈራሁ መስሎሃል? ያቺን ጎማ ቆሜ እያየኋት ሄደች። አንተ ብትወድቅስ? ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን እንጨት አንድ ጊዜ አስነክተኸኛል? በምን አውቄ ነው ዞሬ የማነሣህ? አንተንም እንደዚያው ቆሜ እያየሁህ ልትሄድ ነው?"

ጋሻው እንደነገረኝ፣ ካፒቴንነቱ ጥሞት ኖሮ፣ እሷ ቆማ ስታየው ምን እንደሚሰማት አንድም ቀን አላሰበም። አፈረ። "እንግዲያው አንቺ ንጂያት" አላት።

ምላሱ አልተገዘተም። ቁልፉ የት እንዳለ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ እየነገራት አስነሣችው። መልሕቁን ለመንቀል ወደ ፊት ሄደች። በጭቃ የተለወሰ ሰንሰለት በእጅ መሳብ የዋዛ አይደለም፤ ሮማንወርቅ ግን በአረጋውያን መጦሪያ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ሴት ናት፣ ክብደት በወገብ ሳይሆን በጉልበት እንደሚነሣ ታውቃለች። መልሕቁን አውጥታ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና መሪውን ያዘች።

ያ መሪ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ቀኝ ለመሄድ እንጨቱን ወደ ግራ መግፋት ያስፈልጋል። የጋሻው እጅ አውቶቡስ የለመደ ስለሆነ ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶበታል። ሮማንወርቅ በሕይወቷ መኪና ነድታ አታውቅም፤ የሚረሳ ነገር ስላልነበራት በዐሥር ደቂቃ ያዘችው። ይህንን ሲነግረኝ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

ደሴቱን በቀኝ አድርጋ ቀጥ ብላ ሄደች። እሱ "ያችን አረንጓዴ ምልክት አትልቀቂ"፣ "ሞተሩን ቀንሺ" ይላል፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አጥልቆ። እሷ በየመሐሉ "ዝም በል፣ አይቼዋለሁ" ትለዋለች። ንፋሱ ከኋላ ማንሣት ጀመረ፣ ውሃውም ነጭ ነጭ አለ። ፈርታ እንደነበር አልደበቀችኝም። ግን መሪውን እንዲቀበላት አልጠየቀችውም። እሱም ሁለት እጁን ጭኑ መሐል ወሽቆ ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ቦዩ ውስጥ ገቡ።

እዚያ ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ሮማንወርቅ ቀጥ ብላ መጥታ በአንድ ክንድ ሳተችው። ዞሮ መመለስ ያስፈልጋል፤ መዞር አላወቀችም። ጋሻው "ግፊ! ግፊ!" ሲላት ያለቦታው ገፋችና የጀልባዋ አፍንጫ ሌላ ጀልባ ላይ ሊሄድ ሆነ። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም እንዳልቀረው ነግሮኛል፤ አልተነሣም። ከጎረቤት ጀልባ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ያዛቸውና ገመዳቸውን ተቀብሎ አሰረላቸው። ከዚያ በአንድ ጫማ ቁጭ ያለውን ጋሻውን አየት አድርጎ፣ "ባለቤትሽ ታሟል እንዴ?" አላት።

"የለም፣ ይጾማል" አለችው።

ሽማግሌው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ጀልባው ገባ። ንፋሱ ውጭ ማጓራት ጀመረ፤ እነሱ ግን ተጠልለዋል። ጋሻው ቀስ ብሎ "ቅዳሜ ታዲያ ምን ልትይኝ ነው?" አላት። የተረፈውን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ምንም ይሁን ምን ጀልባዋ እንደምትሸጥ በዚያች ሰዓት እርግጠኛ ሆነ። ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ እሱም ቢሆን በእሷ ቦታ ሽጥ ይል እንደነበር አጫውቶኛል።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስልኩ ጮኸ። ቄስ ኪዳነማርያም ናቸው። ሮማንወርቅ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳቻቸው። መጀመሪያ "ባሕር ላይ? በፍልሰታ?" አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ጋሻውም ከተቀመጠበት ይሰማቸዋል። በመጨረሻ "በይ ስልኩን አቅርቢለት ልጄ፣ ልፍታው" አሏት።

ሮማንወርቅ ስልኩን አላቀረበችለትም።

"አባቴ፣ እግሩን ይፍቱልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው። እጁን ግን እስከ ቅዳሜ አይፍቱብኝ፣ መሪውን እንዳይነካ። ቀጥ ብዬ መሄድ ነው የቻልኩት። ቢወድቅብኝ የማነሣው ዞሬ ነው፣ መዞር ገና አልተማርኩም። ይሄ ሳምንት ካልበቃኝም በመስከረም እንመለሳለን።"

ጋሻው የጀልባዋን ዕጣ የሰማው እንዲህ ለንስሐ አባታቸው ሲነገር ነው። ቄሱ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሲሉት ባቀረበችለት ስልክ ሰማ። እግሩ ተፈቶ ነበር፤ ሆኖም ከተቀመጠበት ሳይነሣ አለቀሰ።