ውሻ የማታባርር ዘንግ

በሐይቅ ዳር የምትኖሩ አምባዛዎች፣ ቆሮሶዎች፣ እንቁራሪቶችና ሌሎችም የውኃ ፍጥረታት ሁሉ! ይህ ቃል ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ፣ የኩታበር ተወላጅና የኮምቦልቻ ነዋሪ የሆነው ደምለው፣ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆነውን ዘንግ በገዛ እጁና በገዛ ፈቃዱ ይመርጥ ዘንድ ተወስኗል። ሰፊው ሕዝብ በያለበት ተረጋግቶ ሥራውን ይቀጥል። ጉዳዩን አስመልክቶ ሰልፍ መውጣትም ሆነ ጥሩንባ መንፋት አያስፈልግም።

ሰፊው ሕዝብ ደግሞ መች ሊረጋጋ!

ደምለውን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ መታወቂያውን የሰጠው ቀበሌ ራሱ ሲያየው ይጠራጠራል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ትከሻው የጠበበ፣ በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው ሌላው ሲያወጣ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ዕድሜውን በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ከሽመና ማሽን ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ፣ ማሽኑ ረታው። ጩኸቱ የጆሮውን እኩሌታ ወሰደ፤ ብረቱ ደግሞ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ቆልምሞ ተወለት። አሁን ብርጭቆ ሲያነሣ እንኳ ግራው ከሥር ትደግፈዋለች። በዚያው ሰሞን ካይዘን የሚባል ነገር ከጃፓን መጥቶ ነበር። መጥረጊያው ቦታ ተሰጠው፣ መዶሻው ቦታ ተሰጠው፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰመረ። ለደምለው ጣቶች የሚሆን ቢጫ መስመር ግን አልተገኘም።

የቀረችው እሑድ ናት። ቅዳሴ ሲወጣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ሐይቅ ይወርዳል። ሌላው ሰው ትል ሰክቶ ከውኃው ሥር ያጠምዳል፤ ደምለው ከውኃው በላይ ነው። እንደ ቡሽ ከሚቀለው ከኮርች እንጨት እንቁራሪት ጠርቧል፤ ሆዷ ሥር መንጠቆ አላት። ወደ ደንገሉ ዳር ይወረውራታል፣ ቀስ ብሎ ይስባታል፣ ታምቦጫርቃለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምባዛው ከሥር ይመጣና ውኃውን ሰንጥቆ ይውጣታል። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ያንን ለማየት ነው። አምባዛውን ደግሞ አይበላውም! ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእምነቱ አይበላም፤ ይይዘዋል፣ አገላብጦ ያየዋል፣ ዳር ላይ ለሚጠብቁት ሙስሊሞች ይሰጠዋል። ነገሩ በሳይንሳዊ መንገድ ሲተነተን ለምርት ኃይሎች ዕድገት የሚያበረክተው አንዳች ነገር የለም።

ከክረምቱ ወዲህ ግን የባሕር ዛፍ ዘንጉ ከበደው። ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ እጁ ይዝልና ዘንጉ ጭቃ ላይ ይወድቃል። አምባዛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እጄን ለፋብሪካው ሰጥቻለሁ» አላት ለሚስቱ ለፀሐይነሽ። «እሑዴን ግን አልሰጥም።»

«እንግዲያማ የሚቀል ዘንግ ፈልግ» አለችው። ከዚህ የበሰለ ውሳኔ በየትኛውም ጉባኤ ተላልፎ አያውቅም።

ሰኞ የማታ ፈረቃ ነበረውና ጠዋት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወጣ። ቀርከሃ የሚሸጠው ጀላል የሚባል የቢስቲማ ሰው ነው፤ አፉ ከእጁ የሚቀድም።

«ለአልጋ ነው ለአጥር?»

«ለዓሣ።»

«ዓሣ ልታጥር? ወላሂ፣ እናንተ የፋብሪካ ሰዎች የማታጥሩት የለም!»

«ማጥመጃ ነው እንጂ ጀላል። ቀለል ያለ፣ ጫፉ የሚታዘዝ።»

«አብሽር፣ ሁሉም አለ። ምረጥ።»

ደምለው መምረጥ ያውቅበታል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ጠመንጃ አነጣጠረባቸውና የጎበጡትን ለየ። በጥፍሩ እየነካ፣ ጆሮው ስለደከመ ግንዱን ጉንጩ ላይ አስደግፎ ንዝረቱን አዳመጠ፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ያሻክራል። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ጌታ የሚመስል። ሁለተኛዋ ቀጭን፣ ገርጣ ያለች፣ ሲያነሧት ጫፏ እሺ እሺ የምትል። ቀጭኗን በቆልማማ እጁ ሊይዛት ሲል ከኋላው ድምፅ መጣ።

«አንተ ደምለው! ይቺን ልትይዝ?»

አያ ሰማኸኝ ናቸው፤ የኩታበር ሰው፣ የአባቱ ጎረቤት። ገበያ ውለው የሰው ዕቃ የሚመረምሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ዓሣ ላጠምድባት ነው፣ አያ።»

«ይቺ እኮ ውሻ አታባርርም! አባትህ በዱላው ነበር የሚታወቅ።»

«ዓሣ ነው ያልኩዎት...»

«ዓሣውስ ቢሆን አይንቅህም?»

ገበያው ሳቀ። ጀላልም ሳቀ፤ እሱ ሁለቱንም የሚሸጥ ሰው ነው፣ ምን ቸገረው? ደምለው እጁን መለሰ። ወፍራሙን አነሣ፣ በግራው መሬቱን መታ አደረገበት፣ አያ ሰማኸኝም «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ፊውዳሊዝም ተገረሰሰ ተብሎ ስንት በራሪ ወረቀት ተበተነ! ሰኞ ገበያ ላይ ግን በዱላ ተደግፎ ቆሟል።

ጥፋቱ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዱላ የመሰለ ነገር ቤት ሲገባ የወሎ ወንድ እጁ አያርፍም። ደምለው ዘንጉን ቅቤ ቀባው፣ ጭስ ላይ ሰቀለው፣ አወረደው፣ ደግሞ ቀባው።

«ደምለው፣ ይሄ ዘንግ ነው ዱላ?» አለች ፀሐይነሽ።

«ዘንግ።»

«ዘንግ ቅቤ ይቀባል እንዴ? እኔ እንኳ ከመስቀል ወዲህ አናቴን አልተቀባሁም!»

እሑድ ሐይቅ ላይ፣ የፋብሪካው የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ምንተስኖት አጠገቡ ተቀምጧል፤ እሱ በትል ነው የሚያጠምደው፣ ትሉንም ይገመግማል። ደምለው ወረወረ። ዘንጉ አልታዘዝ ብሎ እንቁራሪቷ እንደ ድንጋይ ጧ አለች። ደገመ፤ ያው። እጁ መዛል ሲጀምር እግዜር ይስጠው አምባዛው ያለ ሰዓቱ መጣ። ውኃው ተሰነጠቀ፣ እንቁራሪቷ ጠፋች። ደምለው በሙሉ ኃይሉ ሳበ፤ ያ ግትር ዘንግ ጎንበስ አላለም፣ የአምባዛውን ጉልበት ሳያበርድ እንዳለ ለእጁ አስረከበው። ሁለት ደካማ ጣት፣ ቅቤ የጠገበ ቀርከሃ። ሹልክ አለ። ወፍራሙ ጌታ በሐይቁ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሐል ሄደ።

«አምባዛው ዱላ ይዞ ሄደ!» አለ ምንተስኖት። «ከእንግዲህ ማን ይጠጋዋል?»

ደምለው መዳፉን ሣር ላይ ጠረገ፣ ፀሐይዋ ስትወርድ ባዶ እጁን ታቅፎ ተቀመጠ። ውኃው ላይ ሌሎች አምባዛዎች እየወጡ ይገባሉ።

በማግስቱ ጀላል ዘንድ ሲደርስ አያ ሰማኸኝ እዚያው ናቸው።

«ያ ዱላህስ?»

«አምባዛ ወሰደው፣ አያ።»

ደምለው ከክምሩ ውስጥ ቀጭኗን ፈልጎ መዘዘ። በቀኝ እጁ፣ ሁሉም እያየው፣ ክንዱን ዘርግቶ ያዛት። እጁ ሲንቀጠቀጥ የዘንጓ ጫፍ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ አልወደቀችም። ሽማግሌው ጣቶቹን ያን ጊዜ ገና አዩ።

«እጅህን ምን አገኘው?»

«ማሽን ነው።»

«ታዲያ ያኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ስለ ዱላ ነበር የጠየቁኝ።»

አያ ሰማኸኝ ጢማቸውን አሻሹ። «ለማንኛውም» አሉ፣ «ውሻ አታባርርም።»

በሚኒባሱ ቀጭኗ ዘንግ በመስኮት ወጥታ ሐረጎን እስኪጨርሱ ለመንገደኛው ሁሉ እጅ ነሣች፤ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም የየድርሻቸውን ቀለዱ። ደምለው ቤት ገብቶ መያዣዋን በጥጥ ክር ጠቅልሎ አወፈረላት፤ ቆልማማ ጣቶቹ የሚያርፉበት ቦታ አበጀላቸው። ቅቤ አልነካትም።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከኮርች እንደገና የጠረባት እንቁራሪት ደንገሉ ጥግ እንደ ቅጠል አረፈች። ፀሐይ ዝቅ አለች። እጁ ደከመ፤ ዘንጓ ግን ከእጁ ጋር ነበረች። አምባዛው ሲውጥ ዘንጓ እንደ ካድሬ እስከ ውኃው ድረስ ጎነበሰች፤ ከካድሬ የምትለየው ተመልሳ መቅናቷ ነው። ጎነበሰች፣ ቀናች፣ ጎነበሰች፣ ቀናች፤ ደምለውም ሳይቸኩል ወደ ኋላ እየተራመደ ያንን ጢማም ሣሩ ላይ አወጣው። ምንተስኖት ትሉን ትቶ ዘንጓን መገምገም ጀመረ፤ ይህም በታሪክ መጀመሪያው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ? ከበርህ ኋላ ቅቤ ጠግቦ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሲያይልህ የምትኮራበት አንድ ነገር አይጠፋም። ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዛሬ አውጣውና፣ ማንም በሌለበት፣ በደካማው እጅህ ጨብጠህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያዘው። ከወደቀብህ ደግሞ፣ ለማን ብለህ እንደመረጥኸው ንገረኝ።