እማማ የሚገቡበት ቦታ

ልጅ ሳለሁ ሙዚቃን የተማርኩት ሙዚቃ በማይሰማበት ቤት ውስጥ ነው። ሴት አያቴ ሞተው አርባቸው እንደወጣ እናቴ ከአይከል አምጥታ ጎንደር ከወንድ አያቴ ዘንድ አስቀመጠችኝ። ሽማግሌ ብቻውን አይቀመጥም፣ ውኃ የሚያቀብለው፣ ቢያንስ ሲያስል የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል ተባለና ዕጣው ለእኔ ወጣ። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናቴ እስከ በሩ አድርሳ ጉንጬን ሳመችኝና ማኪናው እንዳያመልጣት ስትጣደፍ ወደ ኋላ እንኳ አልዞረችም። ያኔ በጣም ተቀይሜያት ነበር፤ ዛሬ ግን ብትዞር ኖሮ ትታኝ መሄድ እንደማይሆንላት አውቃለሁ።

አያቴን አባባ ነበር የምላቸው፤ ሰፈሩ ደግሞ አያ ታደገ ይላቸዋል። አዝማሪ ነበሩ። በየሠርጉና በየክርስትናው እሳቸው ማሲንቆ ሲመቱ ሴት አያቴ፣ እማማ ዘነቡ፣ ይዘፍኑ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ ስደርስ ማሲንቆው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ በሐዘን ቤት ዘፈን የለም። ሬዲዮኑ ነጠላ ተጥሎበት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ጎረቤት እንኳ ቴሌቪዥን ሲከፍት ለእኛ ብሎ ድምፁን ይቀንሰው ነበር።

ለልጅ እንዲህ ያለ ጸጥታ ይከብዳል። መብራት በየምሽቱ ይጠፋል፤ አባባ ኩራዙን ይለኩሳሉ፣ ጭሱ ጣሪያውን ያጠቁራል፣ እኛም ከሰል ምድጃውን መሃል አድርገን ፍሙን እያየን እንቀመጣለን። አንድ ምሽት እናቴ ናፈቀችኝና አለቀስኩ። አባባ ማባበል አይችሉበትም። ፍሙን ቆስቆስ አድርገው፣ «መዝፈን ነው እንጂ የተከለከለው፣ ስለ ዘፈን ማውራትማ ማን ከልክሎን» አሉኝ።

ያን ምሽት የከበሮን አመጣጥ ነገሩኝ። በክፉ ዘመን አንዲት ሴት ነበረች፤ ጎተራዋ ባዶ መሆኑን ጎረቤት እንዳያውቅባት በየማታው ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ልጆቿ እህል ያለ መስሏቸው ይጠብቃሉ፤ ጎረቤቱም ድምፁን እየሰማ እሷስ ታድላለች ይላል። ኋላ ትንሿ ልጅ ዘነዘናው በወረደ ቁጥር ማጨብጨብ ጀመረች፣ ወንድሞቿም ተከተሏት፣ ረሃባቸውንም ለጥቂት ረሱት። ሴትዮዋ ይህን ስታይ ሙቀጫውን ቆዳ አለበሰችው። አባባ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ምቱን ለማሳየት እንኳ ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አላደረጉም።

ከዚያ ወዲያ ተረት የሌለበት ምሽት አልነበረም። ዋሽንትን የሠራው ከወንድሙ ተጣልቶ ወንዝ ማዶ የሰፈረ፣ መታረቅ እየፈለገ ስሙን ለመጥራት ግን ያፈረ ሰው ነው። በገናን ያበጀው እርጅና የጸሎቱን ቃል ያስረሳው፣ ተንበርክኮ መነሣት ግን ያልሆነለት ባሕታዊ ነው። እውነት ነው ወይ ብዬ ስይዛቸው፣ እኔ ቦታው ላይ አልነበርኩም ይሉኛል። ቅኝቶቹንም እንዲሁ በወሬ አስተማሩኝ። ትዝታ ማኪና ላይ ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የሚሄድበትን አያይም፣ የተወውን ብቻ ያያል። አምባሰል አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ይጣራል። ባቲ ገበያ የወጣች ኮረዳ ናት፤ የምትሸጠው የላትም፣ መታየት ነው የፈለገችው። አንቺ ሆዬ ግን ይሳቅ ያልቅስ ፊቱን አይተው የማይለዩት ሰው ነው። ሐዘን የማይከለክለው የደብሩን ዜማ ብቻ ነበር፤ ንጋት ላይ ሲሰማ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ይቆሙና ይኸ ግዕዝ ነው፣ አሁን ዕዝል ሆነ፣ ይኸ ደግሞ አራራይ እያሉ ይለዩልኝ ነበር። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር፤ ሁሉም ሆዴን ያባባኝ ነበር።

ትምህርት ቤት መምህራችን ተነሺና ዝፈኚ ስትለኝ የሙቀጫዋን ሴት ታሪክ ጀመርኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነታቸውን ነው። የዘፈንን ሁሉ ዘር ማንዘር እቆጥራለሁ እንጂ አንድም ዘፈን አልችልም ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እመኝ ጀመር፤ ሙት ዓመቱ ወጥቶ አባባ ሲጫወቱ መስማት። የእማማ ድምፅ ተቀርጾ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ያኔ ስልክ በየሰው እጅ አልገባም። እሳቸው ሲጫወቱ ግን ከማሲንቆው ውስጥ የእማማንም ድምፅ የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ሙት ዓመቱ ወጣ። በማግስቱ ያደሩት ዘመዶችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች አባባን ከበው ጥቁር ልብሳቸውን አስወለቋቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማሲንቆውን አውርዶ አቧራውን በጋቢው ጠረገና ጉልበታቸው ላይ አኖረው። «በቃህ አያ ታደገ። እሷስ ብትሆን ይኸን ያህል ዝም እንድትል ትወዳለች?»

አባባ ክረምቱ ያላላውን ቆዳ ከፍሙ ራቅ አድርገው አሞቁት፣ ክሩን ወጠሩ፣ ደጋኑን በዕጣን አሹት። ከዚያ ጀመሩ። ድምፁ ከነገሩኝ ሁሉ የተለየ ነበር። ሰው አፉን ሳይከፍት የሚናገር መሰለኝ፤ ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ዜማው ከፍ ብሎ፣ ተመልሶ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አባባ አቆሙ። ደጋኑን ከክሩ አንሥተው አንገታቸውን ዘንበል እንዳደረጉ ቆዩ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉና አሁንም እዚያው ሲደርሱ ዝም አሉ። አንድ ዘመዳችን ተጨንቆ ዝምታውን በግጥም ሊሞላው ሲሞክር አባባ በእጃቸው ተው አሉት። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔ ግን አባባ የረሱ መስሎኝ አፈርኩላቸው።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ለምን እንደሚያቆሙ ጠየቅኳቸው።

«እዚያ ላይ የምትገባው እሷ ናት» አሉኝ።

ግጥሙን ያስተምሩኝ፣ እኔ እገባለሁ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሷንስ ለማንም አላስተምርም። አንቺ የራስሽን ፈልጊ፣ ልጄ።»

አኮረፍኩ። ያን ሁሉ ተረት ሳይሰስቱ የሰጡኝ ሰው ይህቺን መንፈጋቸው አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ሠርግ አልሄዱም። ድምፀ ሸጋ የሚባሉ ዘፋኞች አብረን እንሥራ እያሉ ቤት ድረስ መጡ፤ ሁሉንም በደግ ቃል ሸኟቸው። በየምሽቱ ቤት ውስጥ ብቻ ይጫወታሉ፣ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። የራሴን አላገኘሁም። እጃቸውን አይቼ ማሲንቆ መምታት ለመድኩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ሳልጨርስ አባባም ሞቱ።

አሁን እዚሁ ጎንደር ለሕፃናት ሙዚቃ አስተምራለሁ። የዓለምን ዘፈን ሁሉ ከስልክ ላይ አውጥቼ ማሰማት እችላለሁ፤ አሰማቸዋለሁም፤ ግን መጀመሪያ የሙቀጫዋን ሴት እነግራቸዋለሁ። ያንን የአባባን ዜማ ስጫወትላቸው እዚያ ቦታ ላይ ማቆሜ አይቀርም። ልጆቹ ዝምታ አይወዱም። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዷ ያልሆነ ግጥም ታስገባለች፣ ይስቃሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ቤቴ ስገባ ግን ብቻዬን ነኝ፤ እናቴም ካረፈች ቆይታለች። ማሲንቆውን የማነሣው እንዲህ ሲከፋኝ ነው።

ለብዙ ዘመን አባባ እዚያ ላይ የሚያቆሙት ሰው ስላጡ ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን ስጫወት ነው የገባኝ። ዝምታቸው ሁልጊዜ አንድ ልክ ነበረው፤ የአንድ ግጥም ያህል ቆይተው ነበር የሚቀጥሉት። አባባ ብቻቸውን አልነበሩም፤ እሳቸው ዝም ሲሉ እማማ ይዘፍኑላቸው ነበር። እኔ ድምፃቸውን አላውቀውም። እዚያ ቦታ ስደርስ ደጋኑን አነሣለሁ፣ የግጥሙን ያህል ቆይቼ አዳምጣለሁ፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።