ለአንደኛዋ የቀዳሁት ውሃ

ያን ቀን ጣሳውን በእጇ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ደባርቅ ሄዳ ትሮጥ ነበር? ይኸው ስንት ዓመቴ፣ መልሱን አላውቀውም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ዳባት። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነበርና በአሥራ ሰባት ዓመቴ ገና አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት ነው። ለሩጫ ትልቅ ነሽ ተብዬ በስፖርት ቀን ውሃ እንድቀዳ ተመደብኩ።

ከውድድሩ በፊት ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ንግግር አደረገ። ከእንግዲህ ጨዋና ጠይብ የሚባል የለም፣ ሁላችንም እኩል ነን አለ። አጨበጨብን። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ።

አንደኛ የወጣችው የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። በአገራችን እነዚህን ሰዎች ጠይብ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸዋል፤ እነሱ በጠጡበት አይጠጡም። ውሃው ያለበትን እንስራ የሠራችው እናቷ ናት፤ ይህን ግን ማንም ነገሬ አላለውም። እያለከለከች መጥታ «እትዬ፣ ውሃ» አለችኝ። ጣሳውን ሞልቼ ላቀብላት ስል ከኋላዋ የተሰለፉት ተንጫጩ። አንዷ፣ «ለሷ ከሰጠሻት እኛ በምን ልንጠጣ ነው?» አለች።

«እጅሽን ዘርጊ» አልኳት።

መዳፎቿን ገጥማ ዘረጋች። ሦስት ጊዜ አፈሰስኩላት። አብዛኛው በክንዷ ወርዶ ልብሷን አራሰው። ቀና ብላ አላየችኝም።

በሳምንቱ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ ደባርቅ የሚሄደው መኪና እሷን ሲጠብቅ ቆየ። የስፖርት መምህራችን ሰው ላኩባት፤ ሸክላ ላይ ናት ተባለ። በምትኳ ሁለተኛዋ ሄዳ መጨረሻ ወጣች። መምህሩ ስሟን ከቡድኑ ሰረዙ፤ ምክንያቱ «ዲሲፕሊን የላትም» የሚል ነበር። ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው ተብዬ ስሟ የሌለበትን አዲሱን የቡድን ዝርዝር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ከሰዓት ከእኚሁ መምህር ጋር ፈተና ስናርም፣ ያቺን ልጅ አነሡ። እንደሷ ያለ እግር አላየሁም፣ ስንፍናዋ ነው የጎዳት አሉ።

መደበቁ ደከመኝ። «ስንፍና አይደለም፣ መምህር» ብዬ የውሃውን ነገር ከነመዳፏ ነገርኳቸው።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እሷንስ ይቅርታ ጠይቀሻታል?» አሉኝ።

«አልጠየቅኳትም። ቤታቸው ባዶ ነው። ወደ ሱዳን ተሻገሩ ይባላል።»

ያልታረመውን የፈተና ወረቀት እኩል ለሁለት ከፈሉት፤ ድርሻዬን ተቀብዬ ማረም ቀጠልኩ።