የልጄን ክኒን ያስተውኩት እኔ ነኝ

ማክሰኞ፣ ከቤት እስከ ወገዳ

ሰኞ ከሰዓት ገብስ ስናበራይ ስልክ ተደወለ። የደወለው ከልጄ ከደሳለኝ ጋር በውትድርና ያለ ጓደኛው ነው። «እናቴ፣ አይደንግጡ፤ ደሳለኝ ሲያስለው ደም ተፋ፤ ሕክምና ገብቷል» አለኝ። እኔ ደም የምትለዋን ብቻ ሰማሁ።

ባለቤቴ ካሴ መንሹን ተደግፎ ቆመ። «ልሂድ?» አለኝ።

«አውድማውን ማን ያነሣዋል? እኔ እሄዳለሁ።»

«አንች ከደብረ ታቦር ወዲያ የት ታውቂያለሽ?»

«ሲጠፋኝ እጠይቃለሁ» አልኩት። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሶና ቆሎ በስልቻ፣ ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ልጄን በዓይኔ ለማየት ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ለካሴ አልነገርኩትም። ለእናንተ ለምታነቡት ግን ከመንገዱ በፊት ልናገር።

ደሳለኝ በጥቅምት ለሃያ ቀን እረፍት መጥቶ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ክኒን ይዟል። በየማለዳው እንዲውጥ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳያጎድል ታዟል። እኔ ደግሞ ጸበል ወሰድኩት፤ ሁለት ሱባኤ፣ አሥራ አራት ቀን። በእኛ አገር ጸበል የገባ ሰው ክኒን አይቀላቅልም ይባላል። ክኒኑን ተቀብዬ ቆጥ ላይ በእንቅብ ከደንኩት። «እማየ፣ አቋርጥ አላሉኝም እኮ» ቢለኝ «ከእግዜር ጋር ልትከራከር ነው?» አልኩት። ክኒኑን ተወ። ፊቱ ጠርቶ፣ ምግብ በልቶልኝ ሄደ። እኔም ዳነልኝ ብዬ ስለት አስገባሁ። እንግዲህ ያ ደም ከየት እንደመጣ ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰፈራችን መካነ ኢየሱስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ከዚያ ልጄ ወደሚያገለግልበት ወደ ወገዳ የሚሄደው ቅጥቅጥ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለኝ። ረዳቱ ስልቻዬን አይቶ «እማማ፣ ይኼ ይከፍላል ወይስ ያቅፉታል?» አለኝ።

«አቅፈዋለሁ፤ ካንተ ይሻላል።»

መኪናው በሙሉ ሳቀበት። እኔም ፍርሃቴን ለጊዜው ረሳሁት።

ከኋላችን የጉና ተራራ ደመና ተከናንቦ ቀረ። ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፤ አጫጆች በመስመር ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ጥሩነሽ ትባላለች፤ የወገዳ ሰው ናት። የት እንደምሄድ ስነግራት «ወታደር ልጅ ያላት እናት ስልክ ሲጮህ ነፍሷ ይወጣል» አለች። የሷም ልጅ ወታደር ነው።

ወገዳ ስንደርስ ከሰዓት ዘጠኝ ሆኗል። ልጄ የነበረበት የጦር ሰፈር በር ላይ የቆመው ዘብ ስሙን ጠየቀኝና «የታመሙት ሦስቱም ወደ ንፋስ መውጫ ተወስደዋል፣ እናቴ» አለኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ በሩ የሸኘችኝ ጥሩነሽ ሽንኩርቷን ሳታራግፍ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ጾም ስለነበር የባቄላ ንፍሮ በላን። የማታውቀኝ ሴት አልጋዋን ለቃልኝ እሷ መደብ ላይ አደረች።

ረቡዕ፣ ገደሉን አቋርጦ ወደ ንፋስ መውጫ

እንዲህ ያለ አገር አለ ብሎ የነገረኝ የለም። ሜዳው እየሄደ እየሄደ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በታች ሌላ አገር አለ። መኪናው ወደ ገደሉ ሲዞር ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ደግሞ ማየት አማረኝና ገለጥኩት። ከእግራችን በታች ንስር ይበራል። እኔ ንስርን ከበላዬ እንጂ ከበታቼ አይቼው አላውቅም። የጀርባው ላባ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ከወዲያ ማዶ በገደሉ ወገብ ላይ መዳፍ በምታክል መሬት ሰው በሬ ጠምዶ ያርሳል። ይኼን ያህል አገር የያዘ አምላክ የኔን አንድ ልጅ መያዝ አያቅተውም አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እሱ ይዞት ሳለ ያስለቀቅኩት እኔ ብሆንስ አልኩ።

ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ወርደን ሽሮ በላን፤ ሰባ ብር ነው፣ እንጀራው ግን ሁለት ሰው ያጠግባል። ንፋስ መውጫ ስንገባ ብርዱ ነጠላዬን አልፎ አጥንቴን ነካኝ። ባጃጅ ይዤ ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ወዳለው የወታደሮች ሰፈር ሄድኩ።

ዘቡ ስልቻዬን ፈትሾ ጠርሙሱን አነሣ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ጸበል ነው፣ ልጄ።»

«ይቅመሱት።»

ቀመስኩት። ግራና ቀኙን አየና ቆቡን አውልቆ «ለኔም ግንባሬን» አለኝ። ቀባሁት። እሱም በሩን ከፈተልኝ።

የተቀበለችኝ ሃምሳ አለቃ ትርንጎ ናት። የጋይንት ልጅ፣ አጭር፣ ፍንጭት፣ ፈጣን። ሥራዋ ወታደሮቹ እንዳይታመሙ ማስተማር ነው፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ እግር ንጽሕና፣ ስለ ሳል፣ ስለ ሁሉም። «ያርባ ሚስት ጭቅጭቅ ለብቻዬ ይዤላቸዋለሁ፣ እናቴ» አለችኝ።

ልጄን ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አፍና አፍንጫው ተሸፍኗል። ጉንጩ ገብቷል። ልስመው ስሮጥ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። «እማየ፣ አትቅረቢኝ!» አለ። ከወለድኩት ጀምሮ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ትርንጎ ትንሽ ራቅ ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክኒኑ መንገድ ላይ ጠፋብኝ ብያቸዋለሁ፤ አንችም እንደዚያው በይ» አለኝ።

«ለምን ዋሸህ?»

«እናቴ አስተወችኝ ልበል?»

ከዚያ ትርንጎ መጥታ ነገሩን አስረዳችኝ። ክኒን ሲቋረጥ ሳንባ ውስጥ ያለው የበሽታው ተባይ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ከለመደ ይኼኛው አይሠራም፤ ሌላው ሕክምና ረጅምና ከባድ ነው። አክታው ለምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኳል፤ ውጤቱ ዓርብ ይመጣል።

ሐሙስ፣ በወታደሮቹ መካከል

ከሰፈሩ አጠገብ አልጋ ተከራይቼ ስላደርኩ በማለዳ ተመለስኩ። ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ክኒን የጀመሩት ወታደሮች እያንዳንዳቸው ጠባቂ ጓድ አላቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ይውጣል፣ ሌላው ያያል። ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ መሣሪያ የሚሸከም ትከሻ፣ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ይከፍታል።

«ምላስህን አንሣ!»

«አነሣሁ እኮ!»

«ኧረ በደንብ! ትናንት ያበደርኩህን ሳሙና አልደበቅህበትም?»

ይሳሳቃሉ፤ ግን አንዱም አያልፍም። ሰው ወንድሙን እንዲህ ሲጠብቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አላየሁም።

ትርንጎ ወደ መርመሪያ ክፍሉ ወሰደችኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው አክታውን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ ቀዳዳ አየሁ። ሰማያዊ ሆኖ ሰፊ ነው፤ በላዩ ቀጫጭን ቀይ ጭረቶች ተበትነዋል፣ ጥልፍ ሲፈታ እንደሚወድቅ ክር። «እነዚህ ናቸው ደሳለኝን የሚበሉት» አለችኝ። አማተብኩ። ክፉ ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህቺን ክር እኔ ነኝ አሥራ አራት ቀን ያሳደግኋት።

ረፋዱ ላይ ወታደሮቹ መሬት ላይ በሰልፍ ተቀምጠው ትምህርት ተጀመረ። እኔን ከጎን ወንበር ሰጡኝ። ልጄና ሁለቱ በሽተኞች ራቅ ብለው ነፋስ ወደ ሰው በማይወስድበት በኩል ተቀምጠዋል። ትርንጎ ስለ ማቋረጥ አስተማረች፤ ስም አልጠራችም፣ ግን ሁሉም ያውቃል።

«ጥይቱን መንገድ ላይ ጠፋብኝ የሚል ወታደር አለ? የለም። ክኒኑን ግን ጠፋብኝ ይላል! ይኼ ቸልተኛነት ነው፤ ጓዱን ሁሉ ይበክላል።»

አንዳንዶቹ ወደ ደሳለኝ ዞር አሉ። እሱ አቀርቅሮ በእንጨት መሬት ይጭራል። ልጄ በእኔ ጥፋት ቸልተኛ ተብሎ ሲሰደብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማየት አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«ልጄ ክኒን አልጠፋበትም። እኔ ነኝ ያስተውኩት።»

ያ ሁሉ ወታደር ወደኔ ዞረ።

«እማየ፣ ተይ!» አለ ደሳለኝ።

«አልተውም። ጸበል አስገባሁት። ከጸበል ጋር አይቀላቀልም ብዬ ክኒኑን ደበቅኩበት። እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር። እናቱን እንዳያሳጣ ነው የዋሸው። የምትቀጡትም ካለ እኔን ቅጡ።»

ትርንጎ ቆማ ታየኛለች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «እኔም ለእረፍት ስሄድ ጸበል ገብቼ አሥር ቀን አቋርጫለሁ» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «የኔ እናትም እንደዚሁ።» ሦስተኛው ሳይናገር እጁን ብቻ አነሣ።

ትርንጎ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ይኼን ያህል ጊዜ ሳስተምር ለምን አትነግሩኝም?»

«ጸበል ትከለክይናለሽ ብለን ነዋ!»

«እኔ? እኔ ራሴ ጸበል የምጠጣ!»

አንድ ሸምገል ያለ አሥር አለቃ ጢሙን እየዳበሰ «ታዲያ ክኒኑን በጸበሉ ብንውጠውስ?» አለ። ሳቅ ሆነ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። አሰበችና «ውሃው ንጹሕ ይሁን እንጂ ምን ይከለክላል? ብቻ ሳትቋረጡ ዋጡ» አለች። ከዚያ ወደኔ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «እናቴ፣ እዚህ ጓድ ለጓድ ይጠባበቃል። ለእረፍት ሲወጡ ነው የሚያመልጡኝ። ቤታቸው ውስጥ የሚጠብቅ ሰው የለኝም።»

ዓርብ

ውጤቱ እስኪመጣ ከሰፈሩ በር አልራቅኩም። ከሰዓት ስምንት ላይ ትርንጎ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ፊቷን ማየት ፈራሁና ጫማዋን አየሁ።

«አልለመደም! መድኃኒቱ ይሠራል!» አለች።

መሬቱን ሳምኩ። ደሳለኝ ከሩቅ ሆኖ ይስቃል፤ ሲስቅ ያስለዋል፤ ሲያስለው ፊቱን ያዞራል። ካንደኛው ቀን ጀምሮ እንደገና መዋጥ አለበት፤ ስድስት ወር። እስከዚያ እረፍት የለም። ስንሰነባበት «እማየ፣ ትናንት አሳፈርሽኝ» አለኝ። ደግሞ «ግን ቀለለኝ» አለ። ሳልስመው ተለያየን።

ቅዳሜና እሑድ፣ ወደ ቤት

ብቻዬን አልተመለስኩም። ትርንጎ ሙሉቀን የሚባል ወታደር ሰጠችኝ፤ ለእረፍት የሚሄድ፣ ከኛ ሰፈር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ የእኛው የእስቴ ልጅ። በሳሉ በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፍበት ጊዜ አልፎ ሰው ጋር መቀላቀል ተፈቅዶለታል፤ ክኒኑ ግን ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ወረቀት ላይ ስሜን ጻፈችና «ጠባቂው እርስዎ ነዎት» አለችኝ። እኔን! የልጇን ክኒን የደበቀችውን! በደብረ ታቦር በኩል ስንመለስ ያን ወረቀት አሥር ጊዜ አጥፌ ዘረጋሁት።

ቅዳሜ ማታ ለካሴ ሁሉንም ነገርኩት። «በገዛ እጃችን» አለ። «እጃችን» ማለቱን እስከዛሬ አልረሳሁለትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ክኒንና ጸበል አትቀላቅሉ ያሉን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? መቼ ብዬ? ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ሆነና?»

«ታዲያ ሳስተወው ዝም አሉኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ።

እውነት ነው። ማንም ያላዘዘንን ሕግ ከጎረቤት ጎረቤት ስንቀባበለው ኖረናል። አልፈራ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ልጄ ደም አይተፋም ነበር። ይህን ለመማር ገደል አቋርጬ መሄድ ነበረብኝ።

ሰኞ

በማለዳ ሙሉቀን ቤት ሄድኩ። እናቱ በሩ ላይ ነጠላዋን አደግድጋ አገኘኋት። «እሰይ መጣሽ» አለችኝ፤ «ዛሬ ሱባኤ ላስገባው ነው፤ ክኒኑን ላሳርፈው።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የራሴን ነገርኳት፤ እንቅቡን፣ ደሙን፣ ቀዩን ክር፣ ንስሐ አባቴ ያሉኝን። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችኝ።

«ያንቺው ልጅ ይተርፋል?»

«ይተርፋል ብለውኛል። ካንድ ብሎ ጀምሯል።»

ወደ ውስጥ አየች፤ ልጇ ተኝቷል። «ጸበሉንም ክኒኑንም ባደርግ፣ አንዱ ቢቆጣብኝስ? እኔ እፈራለሁ» አለች።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት።

ሁለታችንም እየፈራን ገብተን ልጁን ለክኒኑ ቀሰቀስነው።