የቢፍቱ ጡሩምባ

ሥራውን የጀመርኩት ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት መቱ ውስጥ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። በሩን ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ እንጂ እኔ ራሴ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያን ሰኞ ልጄ አስቴር ወደ ሆስፒታል ፈረቃዋ ስትሄድ የልጅ ልጄን የናሆምን እጅ አስያዘችኝና ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች።

«አባዬ፣ ልጆች የሚማሩት በጨዋታ ነው። በየሳምንቱ ሰፈር የሚያገለግል አንድ ባለሙያ ትሆናላችሁ። ይኼ ሳምንት የነርስ ነው።»

«እኔስ ምን እሆናለሁ?»

«በሽተኛ።»

ማዕረጌ እሱ ነበር። መርፌ በሌለው ስሪንጅ በቀን አሥር ጊዜ እወጋለሁ። ሲወጉኝ ማልቀስ አለብኝ፤ ካላለቀስኩ ይደገማል።

ጎረቤት ሰማና ልጆቹ አምስት ሆኑ። ሁሉም አካኮ ይሉኛል፤ አያት ማለታቸው ነው። መጨረሻ የመጣችው የአምስት ዓመቷ ቢፍቱ ናት። እናቷ ጫልቱ ጉሊት ቲማቲም ትሸጣለች።

«ጋሼ ተፈራ፣ ቤት ውስጥ ስትለፈልፍ ነው የምትውለው። ሰው ፊት ግን አንድ ቃል አይወጣትም። እስከ መስከረም ካልተናገረች ቡሬ እናቴ ዘንድ እሰዳታለሁ። እዚያ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ምናልባት ይፈታላት ይሆናል።»

«እዚሁ ይፈታላታል» አልኩ። በምን ተማምኜ እንዳልኩት እንጃ። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ስታየኝ ግን ቡሬ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም።

በትራፊክ ሳምንት እጃቸው ላይ ነጭ ካልሲ አጠለቅሁላቸው፤ የዘበኝነት ፊሽካዬንም አወጣሁ። በራፋችን ላይ አንድ ባጃጅ አስቆሙ።

«መንጃ ፈቃድ!» አለ ናሆም። ሾፌሩ እየሳቀ ሰጠ። መርማሪዋ ቢፍቱ ነበረች። ገልብጣ ይዛ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ዝም። የሾፌሩ ሳቅ ጠፋ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይቺን ልጅ አንድ ነገር በሏት! ጊዜው ያለፈው ትናንት ነው፣ ዛሬ አሳድሰዋለሁ!»

ሥራዋን ያለ ቃል ሠራች። እኔ ግን ነሐሴ እያለቀብኝ ነበር።

በአስቴር ወረቀት ላይ የሚቀጥለው እሳት አጥፊ ነው። ውጭውን አየሁ። አምስት ቀን ያላባራ ዝናብ ነው፤ በዚህ አገር በክረምት ምን ይቃጠላል? እሱን ትቼ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አስገባሁ። ነፊያችን ኦቦ ደቻሳ ጎሬ ከተማ ያለ ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ ጡሩምባውን እኔ ጋ አስቀምጦት ነበር።

«ሦስት ጊዜ ንፉ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ የቀብሩን ሰዓት ተናገሩ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። አታልቅሱ፤ የሚያለቅስ ነፊ የሟቹን ስም ይውጠዋል።»

«አካኮ፣ ማን ይሙት?» አለ ናሆም።

የጎረቤት ስም ብንጠራ ሟርት ነው። «እኔ ልሙት» አልኩ።

ተራ በተራ ገደሉኝ። ቢፍቱ ተራዋ ሲደርስ ጡሩምባውን አቅፋ ዝም አለች። አላስገደድኳትም።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ አባራ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኙ፣ እኔም ጋቢዬን ለብሼ ተከተልኳቸው። ያልተኛችው አንዷ ብቻ ነበረች።

የቀሰቀሰኝ ዋይታ ነው። በመስኮት ሳይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ቋሚዎች በራፌ ላይ እየጣሉ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ደረቷን ትመታለች።

«ወንድሜን! ያን ደግ ሰው!»

በቀደም የወደቀውን አጥር አልሠራህም ብላ «ይኼ ክፉ ሽማግሌ» ያለችኝ እሷው ናት። እውነቱን ልናገርና ወዲያው አልወጣሁም። ትንሽ አዳመጥኩ።

ስወጣ «አለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እትዬ ብርቄ ድንጋጤው ሲለቃት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ካለህ እንግዲህ አጥሩን ሥራ!»

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ዘለቀ ተቆጡ። «ማነው የነፋው?»

በመንገዱ በኩል ቢፍቱ እየመጣች ነበር፣ ጡሩምባውን ታቅፋ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። አቶ ዘለቀ አዩዋትና ቁጣቸው ላላ። «ስም፣ ሰፈር፣ ሰዓት፣ አንድ አልጎደለም እኮ። በሁለቱም ቋንቋ። ማን ይጠርጥር?»

ይኼኔ ጫልቱ ከጉሊት እያለቀሰች ደረሰች። በሕይወት ቆሜ እያየችኝ አልፋኝ ሄደች፤ መንገድ ላይ ሌላ ወሬ ሰምታለች።

«ማን ነፋ አላችሁ?»

«ያንቺ ልጅ!» አለች እትዬ ብርቄ።

«ቢፍቱ? ሰው ፊት? ጮኻ?»

«ወፍጮ ቤት ድረስ ነው የተሰማው።»

ጫልቱ ቋሚዎቹ ላይ ተቀመጠችና እንደ አዲስ አለቀሰች። ቢፍቱ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ነካችና ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «እማዬ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለቻት።

ቡሬ መሄዱ ቀረ። እድሩ ጡሩምባውን ያኔውኑ ወሰደ። አስቴር ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ከወረቀቱ ግርጌም በቀይ እስክሪብቶ «ማንም አይሞትም» ብላ ጻፈችበት። አጥሩን ሠራሁ።

እኔ ከሥራው ያገኘሁት ይኼ ነው። ለልጅ እውነተኛ ዕቃ ከሰጣችሁት እውነተኛ ሥራ ይሠራበታል። ስለዚህ የሟቹን ስም የራሳችሁን አድርጉት፤ ነገር ሲበላሽ ወጥቶ «አለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።