ያልተቃለለ ክፍልፋይ

አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያውም ክፉ። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው ሳያቃልል የመጣ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ኤክስ እንጂ ራይት አግኝቶ አያውቅም። ቶሮንቶ መጥቼ ኢቶቢኮ ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር እንኳ ይሄ አመሌ አልለቀቀኝም። የቀረችኝ ተማሪ ልጄ ብቻ ነበረች።

ሃይስኩል እያለች አንድ ቀን ያልተቃለለ መልስ አሳየችኝ። «አባዬ፣ ቲቸራችን ምንም አይልም» አለችኝ። «ቲቸራችሁ ሰነፍ ነው!» ብዬ ጮህኩባትና ገጹን ቀደድኩት። ደብተሯን ሰብስባ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ሌላ ከተማ ፊዚክስ ታጠናለች። ስደውልላት «ፋይን ነኝ» ትለኛለች፣ በቃ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ እውነቱን ልናገርና ብቸኝነቱ ጨርሶኛል።

የማወራት ነገር ባገኝ ብዬ፣ ባለፈው ኦፍ ቀኔ ጥላው የሄደችውን የፊዚክስ መጽሐፍ ገለጥኩ። ስለ አንድ የስዊዘርላንድ የሒሳብ አስተማሪ ያወራል፤ ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ሴት ተማሪዎችን የሚያስተምር ሰው። የሃይድሮጅን ብርሃን ሲበተን ለዓይን የሚታዩ አራት ባለቀለም መስመሮች ይወጣሉ። የሞገዳቸው ርዝመት ተለክቷል፤ ቁጥሮቹ ምን ሥርዓት እንዳላቸው ግን የገባው አልነበረም። ሰውዬው አራቱንም ለአንድ የጋራ ቁጥር ሲያካፍል ዘጠኝ አምስተኛ፣ አራት ሦስተኛ፣ ሃያ አምስት ሃያ አንደኛ፣ ዘጠኝ ስምንተኛ አገኘ። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር! ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለተኛውንና አራተኛውን ከላይም ከታችም በአራት አባዛቸው። ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ሁለተኛ፣ ሠላሳ ስድስት ሠላሳ ሁለተኛ ሆኑ። አሁን ከላይ ያሉት የሦስት፣ የአራት፣ የአምስትና የስድስት ስኩዌር ናቸው፤ የታቹ ደግሞ ከላዩ ላይ አራት ሲቀነስ የሚገኘው ነው።

ወይ ጉድ! ተማሪዬ ቢሆን ኤክስ አድርጌበት ነበር። ሥርዓቱ የታየው እኮ ሳይቃለል ነው።

ወዲያው ደወልኩላት። ላይብረሪ ነበረች፣ በሹክሹክታ አነሳችው። እየተጣደፍኩ ነገርኳት።

«አውቀዋለሁ አባዬ» አለችኝ። «አምና ክላስ ውስጥ ተምረነዋል። ያን ቀን ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትደውዪ?»

 «ትቆጣለህ ብዬ ፈራሁ» አለች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። እሷም «በል እሺ፣ ክላስ አለኝ» አለችኝ።

«ይቅር በዪኝ» ያልኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።