ዳገቱ ላይ የለገመችው ታክሲ

ልጅ እያለሁ ክረምት ሲገባ ከመብረቅ ይልቅ የምፈራው የአባባን ታክሲ ነበር። ዶሮ ማነቂያ፣ መንደራችን መግቢያ ላይ የምታድር ሰማያዊና ነጭ አሮጌ መኪና ነበረች። ዝናብ ሲመታት ካደረ ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፤ አባባ ኮፈኗን ከፍቶ ሲጎረጉር የቤንዚን ሽታ እስከ ጓዳችን ይገባል። የሰፈር ልጆች ተሰብስበን እየተሳሳቅን ገፍተን እናስነሳት ነበር።

መፍራት በጀመርኩበት ቀን ግን የሳቀ የለም። ታናሽ ወንድሜ ሚኪ አስም ነበረበት። ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ብይ እየተጫወትን ሳለ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። እማዬ ስታነሳው ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል። ለምሳ የገባው አባባ የጎረሰውን በቅጡ ሳይውጥ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ሐኪም ቤት ለመድረስ በዝናብ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ዳገት እንደጀመርን ሞተሩ ይቆራረጥ ጀመር። መኪናዋ ትዘላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ወደፊት ግን አትሄድም። «ከአራቱ ካንዴላ አንዱ እሳት አይሰጥም» አለ አባባ ለራሱ። መሀል ዳገት ላይ ጉልበቷ አለቀና ዳር አስይዟት ወረደ።

እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየዋለሁ። ሞተሩን ሳያጠፋ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ያዳምጣል፣ መልሶ ይሰካል። ደህናው ሲነቀል ሞተሩ ይብስበታል፤ የታመመው ሲነቀል ምንም አይለወጥም። ይህን ብዙ ጊዜ አሳይቶኛል። ኤሌክትሪኩ ሲነዝረው እጁን እያራገፈ ተሳደበ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት የሚወደው አባቴ ሲሳደብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጌታቸው፣ ልጄ እያመለጠኝ ነው!» አለች እማዬ ከኋላ ወንበር።

«አገኘሁት! ገመዱ ጫፍ ላይ ውሃ ገብቶበታል። ደረቅ ጨርቅ ስጪኝ!»

ሻሿን ከራሷ ላይ መንጭቃ ወረወረችለት።

«ትንሽ ታገሺኝ» አላት።

«አልታገስም!» አለችና በሩን ከፍታ ሚኪን እንዳቀፈች ዝናቡ ውስጥ ገባች። «አንቺ ከአባትሽ ጋር ሁኚ!»

ብዙም ሳትርቅ፣ ማዳበሪያ እንደ ቆብ የደፋ ወጣት ወዛደር ከአትክልት ተራ በኩል ሲመጣ አያት። «እትዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ እፈጥናለሁ» አላት። ማዳበሪያውን ሚኪ ላይ ጣል አድርጎ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው። እማዬ ተከተለችው፤ ከዚያ ኩርባው ሁሉንም ዋጣቸው። እኔ አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ እግሬ መኪናው ውስጥ እንደሆነ ቀረሁ። ወንድሜን ዳግመኛ የማላየው መሰለኝ፤ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

አባባ ሞተሩን አጥፍቶ የገመዱን አረንጓዴ ዝገት በሰንጢ ፋቀ፣ በሻሹ አደረቀ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ ሰካው። ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አቃሰተና ጸጥ አለ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ «ጊዮርጊስ፣ ልጄን» አለ። ደግሞ አዞረ። ተነሣች፤ መቆራረጡም ጠፍቶ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ደረስንባቸው። ወጣቱ አሁንም ይሮጣል፤ እማዬ አንድ ጫማዋ ጠፍቶ ከኋላው ናት። ሚኪን ከክንዱ ሳያወርድ እንደታቀፈው ታክሲዋ ውስጥ ገባ። ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት። አመሻሹ ላይ ሚኪ ዓይኑን ገልጦ «ውሃ» ሲል አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ወጣት ስናስታውሰው ሄዷል፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። አባባ ከዚያ በኋላ አትክልት ተራን ስንት ጊዜ ዞሮ ፈልጎ አጣው።

ዛሬ ያ መንደር ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ አባባም አርፏል። የእኔ መኪና ሞተሩ ቢቆራረጥ ከፊቴ መብራት ይበራልኛል፤ ጋራዥ ኮምፒውተር ይሰኩና ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ ያነቡልኛል። ሚኪ በሩ ጎንበስ ካላለ የማያስገባው ረጅም ሰው ሆኗል፤ የሚነፋ መድኃኒቱ ከኪሱ አይለይም። መኪና ዳግም ዳገት ላይ እንደማይለግም ግን እማዬን ማንም አላሳመናት። ከኋላዬ ስትቀመጥ፣ ሞተሩ እንደ ቅቤ ልስልስ ብሎ እየሄደ፣ አንድ እጇ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» እላታለሁ።

«ምንም» ትለኛለች። እጀታውን ግን አትለቀውም።